አይጧን ያዳነው እርድ እኛን ለምን አላዳነም?

ባለፈው ሰሞን አክስቴ ደወለችልኝ። ለጉልበቷ ሕመም ሐኪም ቤት ሄዳ በዚያው የደም ምርመራ ተደርጎላት «ክሬቲኒንዎ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ከወር በኋላ ተመልሰው ይምጡ» ተብላለች። ከሐኪም ቤት ወጥታ ቤቷ እስክትገባ ድረስ ግን ሦስት ሰው ሦስት መድኃኒት አዘዘላት። አንዷ ጎረቤቷ ጥቁር አዝሙድ በማር አለች። ሌላዋ የሽፈራው ቅጠል አለች። የልጅ ልጇ ደግሞ በስልኩ አንድ አጭር ቪዲዮ አሳያት፤ እርድ በሙቅ ውኃ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በባዶ ሆድ። ከቪዲዮው ግርጌ «ኩላሊትን ከመርዛማ ኬሚካሎች እንደሚጠብቅ በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ ነበረበት።

«አንተ እኮ የተማርክ ነህ» አለችኝ። «እውነት ነው ወይስ ውሸት?»

መልሱ «ውሸት ነው» ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገው ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው። ጥናቶቹ አሉ። በብዛት አሉ። ኩላሊታቸው በኬሚካል የተጎዱ አይጦች እርድ ወይም ሌላ ተክል ሲሰጣቸው ጉዳቱ ቀንሶ ታይቷል። ስለዚህ ዛሬ መተቸት የምፈልገው ቪዲዮውን ብቻ አይደለም። ቪዲዮው የተደገፈባቸውን፣ እኛው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የምንሠራቸውን ጥናቶች ጭምር ነው።

የጥናቱ አሠራር

የእጽዋቱ ስም ይቀያየራል፤ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ ግራዋ። አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ እንደ ሽሮ ወጥ አሠራር በቃል ሊያዝ ይችላል።

ነጭ ወንድ አይጦች ይመጣሉ። በአራት ወይም በአምስት ቡድን ይከፈላሉ፤ በአንድ ቡድን ብዙ ጊዜ 6 አይጥ ገደማ ይኖራል። የመጀመሪያው ቡድን ምንም አይሰጠውም። ሁለተኛው መርዙ ብቻ ይሰጠዋል። ሌሎቹ የተክሉን ጭምቅ፣ አንዱ በትንሽ ሌላው በብዙ መጠን፣ ለተወሰኑ ቀናት ይጠጡና መርዙ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ደማቸው ተቀድቶ ክሬቲኒንና ዩሪያ ይለካል። ኩላሊታቸው በማይክሮስኮፕ ይታያል። በሴሎቹ ውስጥ የኦክሲጅን ጉዳት ምልክቶችም ይለካሉ።

ውጤቱ ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ደረጃ ያው ነው። መርዝ ብቻ የወሰዱት ኩላሊታቸው ተጎድቷል፤ ተክሉን የጠጡት ጉዳታቸው ቀንሷል። መደምደሚያውም ያው ነው፦ «ይህ ተክል በውስጡ ባሉት አንቲኦክሲዳንቶች አማካኝነት ኩላሊትን ይከላከላል።»

እዚህ ላይ «መርዝ» የምለው ብዙ ጊዜ መድኃኒት ነው። ሁለቱ የሚዘወተሩት ጄንታማይሲንና ሲስፕላቲን ናቸው። ጄንታማይሲን እ.ኤ.አ. በ1963 ይፋ የሆነ፣ ርካሽና ኃይለኛ ፀረ ባክቴሪያ ሲሆን በጽኑ ኢንፌክሽን የተያዙ አራስ ሕፃናትን ሕይወት የሚያተርፍ መርፌ ነው። ሲስፕላቲን ደግሞ ፕላቲነም ከተባለው ብረት የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የተፈቀደ የካንሰር መድኃኒት ነው። ሁለቱም ሰው ያድናሉ፤ ሁለቱም ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። እንግዲህ «ጥቅማቸውን ሳናጣ ጉዳታቸውን መከላከል እንችላለን?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛና ከባድ ጥያቄ ነው። የኔ ቅሬታ በጥያቄው ላይ አይደለም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። በሽንት የሚወጣው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ቀሪውን፣ ማለትም ውኃውን፣ ጨውንና ስኳሩን ወደ ደም የሚመልሱት የኩላሊት ቱቦዎች ናቸው። ይህ ከባድ የጉልበት ሥራ ስለሆነ የቱቦዎቹ ሴሎች ኃይል በሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያዎች የተሞሉ ናቸው። በዚያ ላይ ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ የሚሆነው ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ደም ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ኩላሊትን ደጋግሞ ያገኘዋል ማለት ነው።

ጄንታማይሲን ሜጋሊን በሚባል የፕሮቲን በር በኩል ወደ ቱቦው ሴል ይገባና እዚያው ይከማቻል። ሲስፕላቲንም የራሱ በር አለው። ውስጥ ከገቡ በኋላ ማይቶኮንድሪያውን ያውካሉ። የታወከ ማይቶኮንድሪያ ደግሞ ፍሪ ራዲካሎችን ይለቃል፤ እነዚህ ኤሌክትሮን የጎደላቸውና ያገኙትን ሁሉ የሚቦጭቁ ሞለኪውሎች ናቸው። የሴሉን ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ያበላሻሉ።

እጽዋት ደግሞ እግር የላቸውም። ፀሐይ ሲከብድባቸው ጥላ ፍለጋ አይሄዱም፤ ነፍሳት ሲበሏቸው አይሮጡም። ስለዚህ በኬሚስትሪ ይከላከላሉ። ከሚሠሯቸው ኬሚካሎች ብዙዎቹ ኤሌክትሮን ለመስጠት የማይሰስቱ፣ ማለትም አንቲኦክሲዳንት ናቸው። የእርድን ቢጫ ቀለም የሚሰጠው ኩርኩሚን አንዱ ነው።

እንግዲህ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መርዙ ፍሪ ራዲካል ያመጣል፣ ተክሉ ፍሪ ራዲካል ያጠፋል፣ ስለዚህ ተክሉ ኩላሊት ያድናል። ያምራል። ችግሩ የሚያምር ሐሳብ ሁሉ እውነት አለመሆኑ ነው።

አንደኛው ችግር፦ ሰዓቱ

ወደ አይጦቹ እንመለስ። ተክሉ የተሰጣቸው መቼ ነው? በአብዛኞቹ ጥናቶች ከመርዙ በፊት፣ ወይም ከመርዙ ጋር እኩል ነው። አክስቴ ግን ተክሉን ልትጠጣ የተነሳችው ክሬቲኒኗ ከፍ ካለ በኋላ ነው። ክሬቲኒን ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው፤ በግልጽ ከፍ ብሎ እስኪታይ ድረስ ግማሽ ያህል የኩላሊት አቅም ሊታጣ ይችላል። የኛ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ከመርዙ በፊት የጠጣች አይጥ፣ ኩላሊቱ ከተጎዳ በኋላ ስለሚጠጣ ሰው የምትነግረን በጣም ጥቂት ነው።

«ሲስፕላቲን የሚወስድ ሰው እኮ ቀኑን ያውቃል፤ አስቀድሞ መጠጣት ይችላል» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፤ በአብዛኞቹ ጥናቶች ውስጥ ያሉት አይጦች ካንሰር የለባቸውም። ሲስፕላቲን የካንሰሩን ሴል የሚገድለው ዲኤንኤውን በመያዝ ነው፤ ፍሪ ራዲካሎችም በዚያ ሥራ ውስጥ እጃቸው አለበት። ኩላሊቱን የጠበቀው ተክል ዕጢውንም ቢጠብቅስ? ካንሰር በሌለባት አይጥ ይህን ማወቅ አይቻልም። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለሐኪሙ ሳይነግር ቢጠጣ፣ የሚያስይዘው ኩላሊቱን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱን ነው።

ሁለተኛው ችግር፦ መጠኑ

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በእርድ ጥናቶች ውስጥ ለአይጥ ከሚሰጡት የተለመዱ መጠኖች አንዱ በአንድ ኪሎ ክብደት 200 ሚሊግራም ኩርኩሚን ነው። አይጥ ትንሽ ስለሆነች ሰውነቷ ነገሮችን ቶሎ ያቃጥላል። ስለዚህ ወደ ሰው ስንቀይር በ6.2 ገደማ እናካፍላለን። 200 ለ6.2 ሲካፈል 32 ሚሊግራም በኪሎ ይሆናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ወደ 2 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን ማለት ነው።

በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ግን 3 በመቶ ገደማ ነው። 2 ግራም ለማግኘት 65 ግራም ያህል እርድ ያስፈልጋል። ይህ በሻይ ማንኪያ ከ20 በላይ ነው፤ በየቀኑ! አልጫ ወጥ ላይ ጣል የምናደርጋት እርድና አይጧ የጠጣችው እርድ በስም እንጂ በመጠን አይገናኙም። በዚያ ላይ ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም በጥቂቱ ነው፤ የገባውንም ጉበት ቶሎ ይለውጠዋል።

ሦስተኛው ችግር፦ ጭሱና እሳቱ

ይሄኛው ለኔ ዋናው ነው። ጥናቶቹ «በአንቲኦክሲዳንቱ ምክንያት ዳነ» የሚሉት በምን ማስረጃ ነው? ብዙውን ጊዜ ተክሉን በጠጡት አይጦች ኩላሊት ውስጥ የተበላሸ ስብ ምልክት ቀንሶ ስለተገኘ ነው።

አስቡት። ከአንድ ቤት ጭስ ይወጣ ነበር፤ አሁን ቀነሰ። ለምን? አንድ ሰው እሳቱ ላይ ውኃ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ግን ደግሞ መጀመሪያውኑ እንጨቱ ወደ ቤቱ ሳይገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጭሱን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። እንደዚሁ ተክሉ መርዙ ወደ ሴሉ የሚገባበትን በር ዘግቶ፣ ወይም አይጧን ብዙ አሸንቶ መርዙን ቶሎ አስወጥቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜም ሴሉ ስላልተጎዳ ፍሪ ራዲካሉ ይቀንሳል። መቀነሱ የመዳኑ ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም። ይህን ለመለየት ቀላሉ መንገድ በኩላሊቱ ውስጥ የገባውን የመርዝ መጠን መለካት ነው። የሚለኩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

አለካኩም ራሱ ጣጣ አለው። የተበላሸ ስብን ለመለካት የሚዘወተረው ዘዴ ሐምራዊ መሰል ቀለም እስኪወጣ ጠብቆ የቀለሙን ድምቀት ማንበብ ነው። ኩርኩሚን ደግሞ ራሱ ደማቅ ቀለም ያለው፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅ፣ ከብዙ ነገር ጋር የሚጣበቅ ሞለኪውል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሜዲሲናል ኬሚስቶች ስለ ኩርኩሚን ባወጡት ሰፊ ግምገማ ይህ ሞለኪውል የላቦራቶሪ ሙከራዎችን በማታለል የታወቀ መሆኑን ዘርዝረው አስጠንቅቀዋል።

አራተኛው ችግር፦ እኔ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ተሳትፌያለሁ። ከሥራዎቼ አንዱ የኩላሊት ስላይዶችን በማይክሮስኮፕ እያየሁ ለጉዳቱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ መስጠት ነበር። የትኛው ስላይድ ከየትኛው ሣጥን እንደመጣ አውቅ ነበር፤ መለያውን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

አላጭበረበርኩም። ግን አንዳንዱ ስላይድ «2 ነው ወይስ 3?» የሚያሰኝ ነው። ተክሉን ከጠጡት ቡድን የመጣ ሲሆን እጄ ወደ 2 ያዘነብላል። መርዝ ብቻ ከወሰዱት ሲሆን ወደ 3። ለወራት የደከምኩበት ሥራ እንዲሳካ እፈልግ ነበር፤ ዓይኔም የምፈልገውን ያይልኝ ነበር። በ6 አይጥ ላይ እንዲህ ያለች ትንሽ ማዘንበል ውጤቱን ለመቀየር ትበቃለች። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሌላ ሰው መለያውን ሸፍኖ ቢሰጠኝ ይበቃ ነበር። አላደረግነውም፤ ማንም አልጠየቀንም።

ይህ የኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በእንስሳት ላይ የሚሠሩ ጥናቶችን የገመገሙ ሰዎች በተደጋጋሚ ያገኙት ነገር አለ፤ ብዙዎቹ አይጦቹ በዕጣ መመደባቸውንም ሆነ ገምጋሚው ቡድኑን አለማወቁን አይጽፉም። በዚህ ላይ ውጤት ያላሳየ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። «ይህ ተክል ምንም አላደረገም» የሚል ርዕስ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው?

ወደ ሰው ሲመጣ

«እሺ፣ ሁሉም ችግር ይኑር፤ ታዲያ በሰው ላይ ተሞክሮ ምን ሆነ?» ማለት የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

እርድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳ የሕክምና ማኅበር ጆርናል ላይ የወጣው ሙከራ በ10 የካናዳ ሆስፒታሎች 606 ሰዎችን ይዞ ነበር። ሰዎቹ በሆዳቸው ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ የደም ቧንቧ አብጦባቸው ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ናቸው። በዚህ ቀዶ ሕክምና ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ስለሚታወክ ኩላሊት ይጎዳል። ግማሾቹ በዕጣ ኩርኩሚን ደረሳቸው፣ ግማሾቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ እንክብል። ኩርኩሚኑ በ4 ቀን ውስጥ 8 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2000 ሚሊግራም፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጀምሮ ነው የተሰጠው። ቅድም ያሰላነውን የአይጧን መጠን አስታውሱ፤ ይሄኛው ከዚያ ይበልጣል። ሰዓቱም እንደ አይጧ ቀድሞ ነው። «መጠኑ አነሰ» ወይም «ዘገየ» የሚል ማመካኛ የለም ማለት ነው።

ውጤቱስ? ኩርኩሚን አልጠቀመም። ይባስ ብሎ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸው ባዶ እንክብል ከወሰዱት ከ100ው 10 ሲሆኑ፣ ኩርኩሚን ከወሰዱት ከ100ው 17 ነበሩ።

እርግጥ ነው፣ እዚህ ጉዳቱን ያመጣው ኬሚካል ሳይሆን የደም መታወክ ነው። ሐሳቡ ግን ያው የፍሪ ራዲካል ሐሳብ ነው፤ በዚህ ዓይነት ጉዳትም ኩርኩሚን አይጦችን እንዳዳነ ተጽፎ ነበር።

ኬሚካል ካላችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ለሲቲ ስካንና ለልብ ደም ሥር ምርመራ በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም አለ፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችን ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን ውስጥ በ83 ሰዎች ላይ የተሠራ ሙከራ አሴቲልሲስቴይን የተባለ አንቲኦክሲዳንት ተአምር እንደሠራ አሳየ። ያልወሰዱት 42 ሰዎች ውስጥ 9ኙ ተጎዱ፤ ከወሰዱት 41 ውስጥ ግን 1 ብቻ። ይህ ሞለኪውል ከተክል የሚቀመም አይደለም፤ ግን ሐሳቡ አንድ ነው። ርካሽ ስለሆነና ጉዳት የሌለው ስለመሰለ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች ይሰጡት ጀመር።

ከዚያ ትልልቆቹ ሙከራዎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ብራዚል ውስጥ በ2,308 ሰዎች ላይ ሲሞከር የተጎዱት በሁለቱም ቡድን እኩል፣ 12.7 በመቶ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በማሌዥያና በኒውዚላንድ ወደ 5,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ታተመ፤ ልዩነት የለም። በ83 ሰው ላይ የታየው ተአምር በ5,000 ሰው ላይ ጠፋ። 83 ሰው ይህን ያህል ካሳሳተ፣ 6 አይጥ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

«ተፈጥሯዊ እኮ ነው፤ ምን ይጎዳል?»

ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ብራስልስ ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያች ከተማ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ ይከታተሉ የነበሩ ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት መድከም ጀመረ። ሲጣራ፣ ከሚወስዱት እንክብል ውስጥ አንዱ ቻይናዊ ተክል በስህተት በሌላ ተክል ተተክቶ ነበር፤ አሪስቶሎኪክ አሲድ ባለበት ተክል። ከ100 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ብዙዎቹ ዲያሊሲስ ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው፤ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ኩላሊታቸውን ያበላሸው ኬሚካል ከተክል የመጣ ነበር።

እርድም ቢሆን በወጥ መጠን ምንም አይለንም፤ በማንኪያ ሲበዛ ግን ኦክሳሌት የተባለ ነገር ያለበት ነው። ኦክሳሌት በሽንት ሲወጣ ጠጠር ሊሠራ፣ በደከመ ኩላሊት ውስጥም ሊከማች ይችላል። «ኩላሊት ያጸዳል» የተባለው ነገር ኩላሊትን ሥራ ያበዛበታል ማለት ነው።

ታዲያ እጽዋት ይቅሩ?

በጭራሽ! እኔ የምተቸው አቋራጩን እንጂ እጽዋቱን አይደለም። ማስረጃዬም የፖም ዛፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1835 አውሮፓ ውስጥ ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ቅርፊት ፍሎሪዚን የሚባል መራራ ነገር ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1886 ፍሎሪዚን የተሰጠው እንስሳ ስኳር እንደሚሸና ታወቀ። ተመራማሪዎች «አንቲኦክሲዳንት ስለሆነ ነው» ብለው አልተዉትም። የት ነው የሚጣበቀው? ምንድን ነው የሚዘጋው? ብለው ጠየቁ። ቀስ በቀስ በኩላሊት ቱቦ ላይ ስኳርን ወደ ደም የሚመልሰውን በር እንደሚዘጋ ደረሱበት። ፍሎሪዚን ራሱ ለመድኃኒትነት አልተመቸም፤ ስለዚህ ቅርጹን አሻሽለው ዳፓግሊፍሎዚንን የመሰሉ መድኃኒቶች ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው 4,304 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ዳፓግሊፍሎዚን የኩላሊት መድከምን፣ የዲያሊሲስን፣ እንዲሁም በኩላሊትና በልብ ሕመም የመሞትን አደጋ አንድ ላይ ሲታይ በ39 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ።

ተክል ኩላሊት አዳነ! ግን ከቅርፊቱ እስከ እንክብሉ 185 ዓመት ፈጀ። ያ ሁሉ ዘመን የሄደው «ይሠራል» ለማለት ብቻ አልነበረም፤ «እንዴት ይሠራል? ለማን? በስንት?» የሚለውን ለመመለስ ነው።

እናንተ ነገ ላቦራቶሪ ስትገቡ ሽፈራውንም ግራዋንም እንድትመረምሩ እፈልጋለሁ። ይህ ጥናት የሚዘወተረው ርካሽና ፈጣን ስለሆነ፣ ለመመረቂያም ስለሚበቃ ነው፤ እኔም ለዚያው ነው የሠራሁት። ግን ጥቂት ነገር ጨምሩበት። ተክሉን ከጉዳቱ በኋላም ሰጥታችሁ እዩ። ሴት አይጦችንም አስገቡ። ወደ ኩላሊት የገባውን መርዝ ለኩ። ለሲስፕላቲን ከሆነ ዕጢ ያላቸውን እንስሳት ተጠቀሙ። የስላይዱን መለያ ሌላ ሰው ይሸፍንላችሁ። ምንም ካልተገኘ ደግሞ «ምንም አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ፤ ያ ጽሑፍ የአንድን ሰው አክስት ሊጠቅም ይችላል።

የኔ አክስትስ?

ለአክስቴ ይህን ሁሉ በስልክ አላስተማርኳትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ «ለጉልበትሽ ምን እየወሰድሽ ነው?»

«ያችን ዲክሎፌናክ ነዋ። ሲያመኝ ጠዋትና ማታ። ፋርማሲው ያለ ወረቀትም ይሰጠኛል።»

ኬሚካሉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ከፍተው የሚይዙ፣ ሰውነት የሚሠራቸው ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን እነሱን ይቀንሳሉ። በተለይ በዕድሜ የገፋ፣ ደም ግፊት ያለበት ወይም ውኃ ያነሰው ሰው ላይ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ያጥራል። ይህን እርድ አይመልሰውም፤ የተዘጋ ቧንቧ በአንቲኦክሲዳንት አይከፈትም። ለሷ የሚያስፈልጋት መከላከያ አንድ ነገር መጨመር ሳይሆን አንድ ነገር መቀነስ ይመስለኝ ነበር። «ወሩ እስኪሞላ አትጠብቂ፤ የምትወስጂውን ሁሉ፣ ቅጠሉንም ጭምር፣ ለሐኪሙ ንገሪው» አልኳት።

ነገረችው። ዲክሎፌናኩን አስተዋትና ለጉልበቷ ሌላ ሕክምና ጀመረላት። በወሩ ስትመረመር ክሬቲኒኗ ወርዷል።

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደወልኩላት። «አየሽ? ዲክሎፌናኩ ነበር!»

«ምን ዲክሎፌናክ ትለኛለህ» አለችኝ እየሳቀች፤ «ጎረቤቴ የሰጠችኝን ጥቁር አዝሙድ እኮ አላቋረጥኩም። እሱ ነው ያዳነኝ።»

ምን ልበላት? አንድ ሰው፣ ሁለት ለውጥ በአንድ ወር፣ ማነጻጸሪያ ቡድን የለም። ስለ ዲክሎፌናክ የማውቀው ከብዙ ሺህ ሕሙማን የተገኘ እውቀት ነው፤ ስለዚህ በሱ እፈርዳለሁ። ከአክስቴ ብቻ ተነስቼ ግን እኔም አረጋግጣለሁ ማለት አልችልም። ለሷ ጥቁር አዝሙዱን ያመሰገነችበት ምክንያትና እኛ በ6 አይጥ እርድን ያመሰገንንበት ምክንያት ብዙም አይራራቁም። ሁለታችንም ጭሱ መቀነሱን አይተን፣ እሳቱን ማን እንዳጠፋው ሳናጣራ ነው ያመሰገንነው።